ሞተሩ የሞተ መኪና ልውሰድ ወይስ ልተው?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ የ1994 ሞዴል ባለ 1.6 ቤንዚን ኮሮላ አላቸው። ከ3 ዓመት በፊት ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። መካኒኩ ‹አልቋል፣ ይቀየር› ሲላቸው ተናደው አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። አሁን ‹አንተ ውሰደውና አሠራው፣ የምትችለውን ስጠኝ› አሉኝ። እኔ መኪና የለኝም፤ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ፣ ግን ለስህተት የሚተርፍ አይደለም። ባለቤቴ ‹የሞተ መኪና ገዝተህ ገንዘባችንን ልትቀብር ነው› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹እግረ መንገድህን 1.8 ሞተር ግጠምበት፣ ትበራለህ› ይለኛል። ልውሰደው ወይስ ልተወው? — ግራ የገባኝ»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። ቦዲው ጤነኛ ከሆነ ውሰደው። ቦዲው ከበሰበሰ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው። የሞተሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ደብዳቤህ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ ሞተር ነው፤ ስለ ቦዲው አንድም ነገር አልነገርከኝም።

ሞተር ቡሎኑ ተፈትቶ የሚወጣ ዕቃ ነው። ይወርዳል፣ ሌላ ይገባል። የኮሮላ ሞተር ደግሞ ጠፍቶ ሰው የሚያስለቅስ ዓይነት አይደለም። ኮሮላ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2021 የተሸጠው ቁጥር 50 ሚሊዮን ደርሷል። በአጎትህ ዘመን በነበረው ባለ 1.6 ላይ በብዛት የሚገኘው ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ሞተርም በሌሎች ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ገብቷል። ስለዚህ ሞተር ታገኛለህ። የማታገኘው አዲስ ወለል ነው። የበሰበሰ ላሜራ ይበየዳል፣ አዎ። ግን አንዱን ቀዳዳ በይደህ ስትጨርስ ብየዳው የሚይዝበት ጤነኛ ብረት ከጎኑ ታጣለህ። ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ማቆሚያ የለውም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ጠዋት ስጠው። ክሪክ፣ የክሪክ ማቆሚያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቪቴና ትንሽ ማግኔት ያዝ። ጓደኛህንም ውሰደው። ሐሳብ ከሰጠ አይቀር ጀርባውም ይቆሽሽ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን እንዳትገቡ፤ ማቆሚያው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ምንጣፉን ግለጥ። በተለይ በሹፌሩና በጎኑ ባለው መቀመጫ እግር ስር። እርጥበት ካለ ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልግ። ቀጥሎ ከበሮቹ ስር ርዝመቱን የሚሄደውን ላሜራ በካቻቪቴው እጀታ ቀስ እያልክ ምታው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የበሰበሰው ይታፈናል፣ አንዳንዴም የዝገት ፍርፋሪ ከውስጡ ሲረግፍ ትሰማለህ። የታፈነበት ቦታ ላይ የካቻቪቴውን ጫፍ ጫን አድርገው። ከገባ፣ ገባ። ኮፈኑን ክፈትና የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ከላይ የሚታሰሩበትን ቦታ ግራና ቀኝ እይ። ከኋላ ደግሞ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ፣ ከዚያም የኋላ እግሮቹ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙባቸውን ቦታዎች። ቀለሙ ያማረበት ግን የተጠራጠርከው ቦታ ካለ ማግኔቱን አስጠጋው። ካልያዘ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው። የበር ጠርዝና የጭቃ መከላከያ ላይ የሚታይ ዝገት ብዙም አያስደንግጥህ፤ ያ የመልክ ጉዳይ ነው። ሾክ አብዞርበር፣ የእግር ማያያዣ ወይም የመቀመጫ ቡሎን የሚታሰርበት ቦታ ከተበላ ግን ደብዳቤህን እዚህ ጋ ጨርሰናል። አጎትህን አመስግነህ ወደ ቤትህ ተመለስ።

ቦዲው አለፈ እንበል። አሁን ወደ ሞተሩ። እኔ በበኩሌ «አልቋል» የተባለ ሞተር ሁሉ አልቋል ብዬ አላምንም። ለመካኒክ ሞተር መቀየር ከመመርመር ይቀለዋል። ምርመራ ጊዜ ይፈጃል፣ ክፍያውም ያጨቃጭቃል። «ይቀየር» ማለት ግን አንድ ቃል ነው። የሚንኳኳ ሞተር ብሮንዚኑ፣ ማለትም የክራንክ ሻፍቱ ተደግፎ የሚዞርበት ስስ ሽፋን፣ የተበላ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከባድ ነው። ግን የላላ ፑሊ፣ ሞተሩ የሚያርፍበት የተሰበረ ጎሚኒ ወይም ዘይት ያጠረው ቫልቭም ያንኳኳል። እነዚህ ለመስማት ይመሳሰላሉ፣ በዋጋ ግን አይገናኙም።

ስለዚህ አጎትህን በትሕትና ሁለት ጥያቄ ጠይቃቸው። ሲንኳኳ የዘይት መብራቱ በርቶ ነበር? መንኳኳት ከጀመረ በኋላስ ምን ያህል ነዱት? ወዲያው ካጠፉት ተስፋ አለ። እየተንኳኳ ወር ከነዱት ሞተሩን እንደሌለ ቁጠረው።

ከዚያ ዘይቱን አፍስሰው። ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ትንሽ ጨምርና ፀሐይ ላይ እያዘነበልክ እይ። ዘይቱ ቢጠቁር ምንም አይደለም። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካየህ ግን ብረት ከውስጥ እየተበላ ነው። መዳብ የሚመስል ቀለም ያለው ብናኝ ከሆነ ደግሞ ብሮንዚኑ ከላይኛው ሽፋኑ አልፎ ተበልቷል። ዘይቱ ነጣ ብሎ የተበጠበጠ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የዚህ የተለመደው ምክንያት የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መበላሸት ነው። ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተር መቀየር አያስፈልግም።

አንድ ነገር አደራ። 3 ዓመት የቆመ ሞተር ላይ ባትሪ አስረህ ቁልፍ እንዳትጠመዝዝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው ወደዚህ ነው። ሲሊንደሩ ደርቋል፤ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ከግድግዳው ጋር በስሱ ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ማስነሻው ሞተሪኖ በጉልበት ሲያዞረው ሊተርፍ የሚችለውን ይጨርሰዋል። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምርና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተወው። ቢቻል ከዚያም በላይ። በማግስቱ ማርሹን ነፃ አድርገህ የክራንክ ሻፍቱን የፊት ቡሎን በረጅም ቁልፍ ያዝና ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለህ ግፋ። ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረልህ ሁሉም ሲሊንደር ሙሉ ሥራውን አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። መሐል ላይ ድርቅ ካለብህ አትታገለው፤ ዘይት ጨምረህ ጠብቅ። ቀናት ጠብቀህም ንቅንቅ ካላለ ግሪፕ አድርጓል፤ ውስጡ ተጣብቋል ማለት ነው።

ከዞረ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ይለካ። መለኪያው ርካሽ ዕቃ ነው፣ ማንኛውም ደህና መካኒክ አለው። የዚህ ዓይነት ሞተር በየሲሊንደሩ ከ10 ባር በላይ ማሳየት አለበት። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ባር ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በዚያ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ። አንዳንዴ ከብዙ ጊዜ መቆም በኋላ የመጀመሪያው ልኬት ስለሚያሳፍር፣ ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ መድገም አይከፋም።

አንድ ወሬ ልጨምርልህና ልለፍ፤ ሌሎች አንባቢዎችንም ይጠቅማል። ይህ ሞተር የቫልቩንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ታይሚንግ ቤልት ቢበጠስ እንኳ ቫልቩና ፒስተኑ አይጋጩም። ሌሎች ብዙ ሞተሮች በዚህ ይሞታሉ። እየሄደ ድንገት ጸጥ ብሎ የቆመና «ሞተ» ተብሎ የሚሸጥ ይህን ሞተር የያዘ መኪና ካገኛችሁ፣ ከመራቃችሁ በፊት ቤልቱን እዩት።

ምርመራው ሁሉ አልቆ ሞተሩ በእርግጥም የሞተ ሆነ እንበል። አሁን ያለህ ምርጫ የራሱን ማደስ ወይም ያገለገለ ገዝቶ መግጠም ነው። የክራንክ ሻፍቱ ጭረት ቀላል ከሆነ ተሞርዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። ደህና አድርጎ ከታደሰ ውስጡን የምታውቀው ሞተር ይኖርሃል። ችግሩ «ደህና አድርጎ» የሚለው ላይ ነው። ልኬት የማይወድ፣ በዓይኑ የሚገምት ሰው ጋር ከወደቀ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጋር ከመሄድ ደህና ያገለገለ ሞተር ይሻላል። እኔ አንተን ብሆን ሙሉ መኪና ላይ እንዳለ፣ ተነስቶ ሲሠራ የሰማሁትን ሞተር እፈልግ ነበር። ከኋላ የተገጨ፣ ፊቱ ደህና የሆነ መኪና ከተገኘ ከዚያ የተሻለ የለም። ሞተሩን ትሰማለህ፣ ጭሱን ታያለህ፣ ኮምፒውተሩን፣ ገመዱን፣ ጎሚኒውንና ሴንሰሮቹን አንድ ላይ ታገኛለህ።

መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሸጥ ከሆነ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ከታች በኩል እይ። ከስሩ ነጭ አረፋ መሰል ነገር ካለ ጥርጣሬ ይግባህ። በእጅ አዙረው። ካንዴላዎቹን አውጥተህ አንዱ ከሌላው በቀለም ይለይ እንደሆነ አስተያይ። የሶኬቶቹ ፕላስቲክ ተሰባብሮ፣ ገመዱ በመጋዝ ተቆርጦ ከሆነ በጥድፊያ የወጣ ነው፤ ከየት እንደወጣም ጠይቅ። የሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ መነበብ አለበት። የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ ጥለኸው ሂድ። «ካልሠራ እቀይርልሃለሁ» የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ አስፍሮ ይፈርምልህ። የማይፈርም ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል።

ባለቤትህ የምትፈራው ቀብር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ ሐሳቧን እደግፋለሁ። ሰው የሞተሩን ዋጋና የማስገጠሚያውን ደምሮ «ይኸው ነው» ይላል። አይደለም። ሞተሩ በወጣበት ሰዓት የፍሪሲዮን ዲስኩ ፊትህ ላይ ነው። ያኔ ብትቀይረው ዲስኩን ብቻ ትከፍላለህ። ትተኸው ከ3 ወር በኋላ ቢያልቅ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ እንደገና መውረድ አለበት። ከክራንክ ሻፍቱ ኋላ ያለው፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው «ሲል» የሚባለው ቀለበትም እንዲሁ፤ ዕቃው ትንሽ ጎማ ነው፣ የሚያስወጣህ ግን ሙሉ የማውረድ ሥራ ነው። ታይሚንግ ቤልቱንና መወጠሪያውን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ ቴርሞስታቱን፣ የራዲያተር ጎማዎቹን፣ የተሰነጠቁ የሞተር ጎሚኒዎችን ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቀይራቸው። ያገለገለ ሞተር ቤልቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማንም አያውቅም። «ደህና ነው፣ ይሄዳል» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ፈገግ ብለህ አዲሱን ቤልት አቀብለው።

ራዲያተሩን ደግሞ በተለይ። የድሮው ሞተር የሞተው በሙቀት ከሆነና የተደፈነው ራዲያተር እዚያው ከቀረ፣ አዲሱንም በዚያው መንገድ ትሸኘዋለህ። የመጀመሪያው ለምን እንደሞተ ሳታውቅ ሁለተኛውን አታስገባ።

መኪናው ቆሞ የኖረ መሆኑም የራሱ ሂሳብ አለው። የድሮ ቤንዚን ይደፋል፣ ታንኩ ይታጠባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ይቀየራል፤ የፍሬን ፒስተኖቹም ሳይደርቁ አይቀሩም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆን አትመን፤ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብብ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። አይጥ የበላችው ገመድ ካለም ከሞተሩ በላይ ያደክምሃል። ስለዚህ የሰማኸውን ጠቅላላ ዋጋ ያዝና ግማሹን ጨምርበት። ከዚያም ይህንን ድምር፣ ሞተሩ የሚሠራ ተመሳሳይ መኪና ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር አስተያየው። ከዚያ በደህና ርቀት ካላነሰ የሚሠራውን ግዛ። ድምሩ ካጠራቀምከው ካለፈም አትጀምር። በግማሽ የቆመ ሥራ የሚበላው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተፈታው ቡሎን ይጠፋል፣ ጋራዡ የቆመበትን ይጠይቅሃል፣ ባለቤትህም በየእራቱ ታነሳብሃለች።

በአውቶቡስ መሄድህን እንደ ችግር ነው የጻፍከው። ለዚህ ጉዳይ ግን ትልቁ ጉልበትህ እሱ ነው። ሞተር የማስቀየር ሥራ ሁሉም ዕቃ ተሟልቶ ከቀረበ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ዕቃው ግን ተሟልቶ አይቀርብም። አንድ ጎሚኒ ይጎድላል፣ አንድ ሴንሰር አይሠራም፣ ሳምንቱ ወር ይሆናል። ነገ በመኪና ሥራ መግባት ያለበት ሰው በዚህ ጊዜ ይቸኩልና ያገኘውን ያስገጥማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንተ ግን አውቶቡስህ ስላለ ትክክለኛውን ሞተር እስክታገኝ መጠበቅ ትችላለህ።

ስለ ጓደኛህ 1.8። ሐሳቡ እብደት አይደለም፤ ከሚሰሙት የሞተር ቅያሪ ሐሳቦች መካከል ደህና ከሚባሉት ነው። ሰቨን ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው 1.8 ከአንተ 1.6 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት በሁለቱም 81 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ ፒስተኑ የሚጓዝበት ርቀት ከ77 ወደ 85.5 ሚሊሜትር ማደጉ ነው። ሞተሩ ከ1,587 ወደ 1,762 ሲሲ ይሄዳል። ዳገት ላይ ይታወቅሃል። ግን ትበራለህ የሚለውን ተወው፤ ይህ ሞተር ጉልበቱ ከስር ነው እንጂ ለመብረር የተሠራ አይደለም። ብሎኩም ቁመቱ ስለሚረዝም የጭስ ማውጫው ቱቦና አንዳንድ ማያያዣዎች ልክ አይመጡም፤ ኮምፒውተሩና ገመዱ ከሞተሩ ጋር ካልመጡ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ መመላለስ ነው። በባለቤትነት ደብተሩ ላይ የተጻፈው የሞተር መጠን ስለሚለወጥ ምርመራና ኢንሹራንስ ላይም ጥያቄ ያስነሳል። ሁለተኛ መኪና ቢሆንልህ ኖሮ «ሞክረው» እልህ ነበር። ለመጀመሪያና ብቸኛ መኪና ግን የወጣውን ዓይነት መልሰህ አስገባ። ኮዱ አንድ የሆነ፣ የተቻለውን ያህል ዓመተ ምሕረቱ የተቀራረበ።

ሥራውን ለማን እንደምትሰጥ ስትመርጥም «ስንት ታስከፍላለህ?» ብለህ አትጀምር። «ከወረደ በኋላ ምን ምን ትቀይራለህ?» በለው። ቤልቱን፣ ሲሉንና ፍሪሲዮኑን ሳታነሳሳው የሚጠራልህ ሰው ከዚህ በፊት ሠርቶታል። ስትስማሙ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር ጻፉት፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ ፋኑ ራሱ በርቶና ጠፍቶ ሳታይ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቅ።

የቀረው የአጎትህ ጉዳይ ነው። «የምትችለውን ስጠኝ» ደግ ንግግር ነው፤ ነገር ግን በኋላ ቅሬታ የሚወልደውም እንዲህ ያለ ያልተቆረጠ ነገር ነው። መኪናው ታድሶ ሲያብረቀርቅ ሲያዩት በርካሽ ሰጠሁት ይላሉ። አንተ ደግሞ ያፈሰስከውን እያሰብክ ታዝናለህ። ስለዚህ ምርመራውን ስትጨርስ ያገኘኸውን ሳትደብቅ ንገራቸው። «አጎቴ፣ ሞተሩ በእርግጥ ሞቷል፣ ወለሉ ደህና ነው፣ ጎማና ፍሬን ይፈልጋል» በላቸው። ወይም «ጓርኒሲዮኑ ብቻ ነው»፤ እሱ ሆኖ ከተገኘ መኪናውን መልሰው ሊፈልጉት ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። ከዚያ ሞተር እንደሌለው መኪና ቆጥረህ አንድ ቁርጥ ዋጋ አቅርብና በአንድ ጊዜ ክፈላቸው። ባለቤትህም በዚያ ቀን አብራህ ትሂድ፤ የቤቱ ገንዘብ የሁለታችሁ ነው፣ አጎትህም በሷ ፊት የተነጋገራችሁትን አይረሱም። ደብተሩ ወደ ስምህ ዞሮ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን በዓይንህ እስክታረጋግጥ ድረስ ደግሞ ሞተር ቀርቶ ካንዴላ እንኳ አትግዛለት።